ልጁ ማንበብ ቢችልም ማንበብዎን አያቁሙለት

ልጅዎ በራሱ ማንበብ ስለጀመረ ብቻ ጮክ ብለው ማንበብዎን አያቁሙለት። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ሰምቶ የሚረዳው ታሪክ በራሱ ሊያነበው ከሚችለው እጅግ የላቀ ነው፤ ፊደል እየለቀመ የሚያነበው መጽሐፍ ደግሞ እምብዛም አያጓጓም። ስለዚህ ከበድ ያለውን እርስዎ ያንብቡለት። ታሪኩ ልብ ሲያንጠለጥል፣ ለምሳሌ ሌባው የበሩን እጀታ ሲጨብጥ፣ ማንበብዎን ያቁሙና መጽሐፉን እንደተከፈተ ትተው ይነሱ (ትንሽ ጭካኔ ነው፣ ግን ይሠራል)።

እሱ ሲያነብ በተሳሳተ ቁጥር አያቋርጡት፤ ትርጉሙን ካላዛባ ይለፉት። መጽሐፍ ሲመርጥ አንድ ገጽ ያንብብ፤ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለብቻው ይከብደዋል፤ እሱን ለእርስዎ ይተውልዎ።