ፓነል ቤት ሰርታችሁ ሙቀቱ አልለቅ ካላችሁ

ድሬ ላይ በሳንድዊች ፓነል (በሁለት ቆርቆሮ መካከል ፎም ያለው ሰሌዳ) ቤት ያሰራ ሰው ግንቦትና ሰኔ ሲገባ ቅሬታው አንድ ነው። «ፎም አለው ተባለ፣ ቤቱ ግን ምድጃ ነው።» ከዚያ ሁሉም ፓነሉን ማማት ይጀምራል። እኔ ቀድሜ የማየው መገጣጠሚያውን ነው።

ቀን ላይ ኤሲው አልችል ካለ፦ እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮት ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ ጥግ ጥጉን እዩ። ብርሃን ያስገባ ክፍተት ትኩስ አየርም ያስገባል። ብዙ ጊዜ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ቦታና የመስኮት ዙሪያ ነው። የሚነፋ ፎም ሙሉበት፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጣችሁ ላዩን ሸፍኑት፤ ፀሐይ ካገኘው ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። ለመሸፈኛ ሲልከን ስትገዙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተዉት፣ ቆርቆሮ ይበላል።

ክፍተት ካልተገኘ ጣሪያው ነው። ለግድግዳ ፓነል ገዝቶ ላዩን ተራ ቆርቆሮ መምታት ምን ዓይነት ቁጠባ እንደሆነ አይገባኝም፣ ቀትር ላይ እኮ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ የምትመታው ጣሪያውን ነው። ጣሪያውን መቀየር ካልተቻለ ከኮርኒሱ በላይ ፎም አንጥፉ፣ በፎሙና በቆርቆሮው መካከል ያለው ሙቀት መውጫ ይኑረው፣ ቆርቆሮውን ነጭ ቀቡት።

ቀን ደህና ሆኖ ማታ የሚያፍን ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሙቀት እንዳይገባ የከለከለው ፎም የምድጃውን፣ የፍሪጁንና የሰውን ሙቀትም እንዳይወጣ ይይዘዋል። ውጭው ሲበርድ ትይዩ ያሉ መስኮቶችን ክፈቱ። ወደ ምዕራብ ለሚያይ መስኮት ደግሞ ጥላ ስሩለት፤ የከዚራ፣ የድሬዋ የድሮ ሰፈር፣ ቤቶች በረንዳ ያላቸው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ሐረር ጉዳዩ ይለያል። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጠዋት ኮርኒሱ ሲያንጠባጥብ ባለቤቱ «ጣሪያው አፈሰሰ» ብሎ ሰራተኛ ይጠራል። ቆይ፣ ዘንቦ ነበር? ካልዘነበ ከወጥ ቤትና ከሰው ትንፋሽ የወጣ እንፋሎት ነው፣ በመገጣጠሚያው ሾልኮ የቀዘቀዘውን የውጭ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። መገጣጠሚያውን ከውስጥ በኩል ድፈኑ፣ ለወጥ ቤቱ መተንፈሻ አውጡ። ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ብሎኖቹን እዩ። ከመጠን በላይ ጠብቆ ጎማው የተጨፈለቀ ወይም ዘምሞ የገባ ብሎን ውሃ ያስገባል፤ በሲልከን ከመለቅለቅ ብሎኑን ከነጎማው ቀይሩት።

ፓነሉ የተቆረጠበት ዳር ላይ ዝገት ከታየ ብዙ ጊዜ በግራይንደር ስለተቆረጠ ነው፣ ፍንጣሪው ቀለሙን አቃጥሎታል። አጽዱትና ቀለም መልሱበት፣ ለቀጣዩ በመጋዝ ይቆረጥ።

የኤሌክትሪክ ገመድ ነጩን ፎም በቀጥታ እንዳይነካ፣ ከጊዜ በኋላ የገመዱ ላስቲክ ደርቆ ይሰነጠቃል። በቱቦ ውስጥ አሳልፉት። ከሰል የሚነድበት ወጥ ቤት ካላችሁ ደግሞ ያንን ግድግዳ ፎም ያለው ፓነል አታድርጉት። ሮክ ዉል (ከድንጋይ የተሰራ የማይነድ ጥጥ መሰል ነገር) ያለው ፓነል ወይም ብሎኬት ይሁን።