በአዳማ ሙቀት የጋሪ ፈረስን የሚጎዱ ስህተቶች

ከየካቲት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት አዳማ ላይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ሁለት ሥራ አለበት፤ ጭነቱን ይጎትታል፣ የገዛ ሰውነቱንም ያቀዘቅዛል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀትር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪን ያልፋል፣ አስፋልቱ ደግሞ ከአየሩም ይብሳል። በዚህ ወቅት መንገድ ላይ የሚወድቀውን ፈረስ ሰው «ሰነፈ» ይለዋል፣ ጅራፍም ይጨመርበታል። ብዙውን ጊዜ ግን የጣለው በየዕለቱ የሚደጋገም የአያያዝ ጉድለት ነው። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

«ያላበው ፈረስ ውሃ አይሰጠውም»

ይህን አባባል አዲስ ጋሪ ነጂ ከሁሉ በፊት ይማረዋል። ስህተት ነው። የፈረስ ላብ ከውሃው ጋር ብዙ ጨው ይዞ ይወጣል፤ በዚህ የተነሳ ሰውነቱ ቢደርቅም ጥሙ እንደሚገባው አይሰማውም። ገና ከሥራ እንደቆመ ውሃ ሲቀርብለት ይጠጣል፤ «ይብረድለት» ተብሎ ሰዓት ካለፈ ግን ብዙ ጊዜ ባልዲውን አሽትቶ ይተወዋል። የተጠማ ፈረስ ሲላብ ቢጠጣ ሆዱን አይቆርጠውም። ሆድ ቁርጠት የሚያመጣው ይልቁንስ ደረቅ ጭድ በልቶ ውሃ ማጣቱ ነው፤ ገለባው አንጀቱ ውስጥ ይደርቅና ይቆልፈዋል።

መጠኑን በግምት አትተዉት። 220 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ፈረስ በቀዝቃዛ ቀን ሳይሠራ ቢውል ከ10 እስከ 12 ሊትር ይበቃዋል። በአዳማ በጋ እየሠራ የሚውል ከሆነ 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ይህ ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ጋሪው ላይ መጫን፣ መንገድ ላይ ደግሞ የሚሞላበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት፣ ቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ ማታ ደግሞ እስኪረካ ይጠጣ። በቀን ሁለቴ ብቻ ማጠጣት ለዚህ ከተማ አይሆንም።

መድረቁን ለማወቅ የትከሻውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ልቀቁት፤ ከሁለት ሰከንድ በላይ ተሸብሽቦ ከቆየ ውሃ ጎድሎታል። ድዱ ደርቆ የሚጣበቅ፣ ፋንድያውም ትንንሽና ደረቅ ከሆነ ያው ምልክት ነው። በላብ የወጣውን ለመተካት በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ጨው ለሁለት ከፍላችሁ ከፉርሽካው ጋር ስጡት። ውሃ በማያገኝበት ቀን ግን ጨው አትስጡት፣ ይብስበታል።

ቁስሉን የሚያመጣው ዕቃው ነው

ስለዚህ ጉዳይ ረጅም መናገር ያስፈልጋል፤ ከአሥር የጋሪ ፈረስ ፊት ብትቆሙ ደረቱ ወይም ጀርባው ያልተላጠ ማግኘት ያስቸግራችኋል። ባለቤቱም ነጂውም ቁስሉን ከሥራው ጋር የሚመጣ ዕዳ አድርገው ለምደውታል። አይደለም። በትክክል የተሠራ የፈረስ ዕቃ (ጠፍሩ፣ ድብዳቡና ማሰሪያው) ዓመቱን ሙሉ ያለ አንድ ቁስል ያስጎትታል።

የመጀመሪያው ጥፋት ቁሱ ነው። የናይለን ገመድ፣ የተጠቀለለ ማዳበሪያ ጆንያ፣ ከካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ፤ ሦስቱም ርካሽና ጠንካራ ናቸው፣ ለዚህም ነው የሚመረጡት። ሦስቱም ላብ አይመጥጡም። ላቡ በጎማውና በቆዳው መካከል ይታቆራል፣ የአዳማ ንፋስ ያመጣው አቧራ ይቀላቀልበታል፣ ከዚያ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ካላማዳሪ መጠቀም የግድ ከሆነ ከውጭ በኩል ለጥንካሬ ይሁን፤ ቆዳውን የሚነካው ግን የጥጥ ጨርቅ ወይም የሱፍ ድብዳብ መሆን አለበት። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሦስት አራት ደርብ አድርጎ መስፋት የአንድ ቀን ገቢ እንኳ አይፈጅም። ሁለት ይሰፋ፤ አንዱ ሲለበስ ሌላው ታጥቦ ይደርቃል። ትናንት በላብ የራሰ ድብዳብ ዛሬ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይሻክራል፣ ሳይታጠብ መልሶ ማሰር ትናንት የዳነውን እንደገና መላጥ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። የደረት ጠፍሩ ስፋት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከፍ ካለ የአየር ቧንቧውን ይጫንና ፈረሱ ዳገት ላይ ያፍናል፤ ዝቅ ካለ የትከሻውን መጋጠሚያ ይይዝና እርምጃውን ያሳጥራል። ከመጋጠሚያው አጥንት ከፍ፣ ከጉሮሮው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። የጀርባው ድብዳብ አከርካሪውን መንካት የለበትም፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሙሊት ኖሮት መሐሉ ላይ ብርሃን የሚያሳይ ክፍተት ይኑረው። የሆድ ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ከጅራት ሥር የሚያልፈው ጠፍር በጨርቅ ካልተጠቀለለ እዚያ ያለው ስስ ቆዳ በሁለት ቀን ይሰነጠቃል።

ሦስተኛውና የከፋው «መድኃኒቱ» ነው። ቁስል ላይ የባትሪ አሲድ፣ የተቃጠለ ሞተር ዘይት፣ ቤንዚን የሚያፈስ ሰው ዛሬም አለ። ይህ ቁስሉን ያሰፋል እንጂ አያድንም። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀን ቀን እጠቡት፣ ዝንብ አርቁ። ከዚያ ደግሞ ዋናው፦ ቆዳው እስኪገጥም ድረስ ያ ቦታ ጠፍር አይንካው። ቁስሉን እያጠቡ በዚያው ጠፍር መጎተት የታጠበውን ቁስል በየቀኑ መክፈት ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ቁስል በር ስለሆነ ነው። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በዚህ በር ነው። መጀመሪያ ደረት፣ አንገት ወይም እግር ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣል፤ ከዚያ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው ሌሎች ይወጣሉ፣ ይፈነዱና መግል ያፈሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በአገራችን ከተሞች ከታዩ ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች 18.8 በመቶ የሚሆኑት ላይ አግኝቶታል። በዝንብ፣ በጋራ ዕቃና በጋራ ብሩሽ ይተላለፋል። ስለዚህ የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው ማዋስ ይቅር። በጋለ ብረት መተኮስ ፈንገሱን አይገድለውም፣ አዲስ ቁስል ይከፍትለታል። የመጀመሪያዋ እብጠት እንደታየች ፈረሱን ለይታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ፤ እብጠቱ ከበዛ በኋላ ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም።

የፌሮ ልጓም

ከፌሮ ተቆርጦ በየብየዳ ቤቱ የሚሠራው ልጓም ምላስና የከንፈር ጥግ ይቆርጣል፤ ሸካራው የፌሮ ጥርስ ራሱ በቂ ነው፣ የብየዳው ጉብታ ሲጨመርበት አፉ መቼም አይድንም። አፉ የቆሰለ ፈረስ ጭድ አያላምጥም፣ ስለዚህ ይከሳል፣ ባለቤቱም መኖ ይጨምራል። ለስላሳ ብረት ይሁን፣ ዝገት አይኑረው፣ ከአፉ ስፋት በግራና በቀኝ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ይትረፍ። ሲታሰር የከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ሽብሽብ ብቻ ይታይ።

ጭነት፦ ስንት ኩንታል ብቻ ሳይሆን የት

የፈረሱን ክብደት ያለ ሚዛን ማወቅ ይቻላል። በልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፤ ቀጥሎ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 135 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 223 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ በሜዳማ አስፋልት ላይ ጋሪውን፣ ነጂውንና ጭነቱን ጨምሮ ከክብደቱ እጥፍ በላይ እንዲጎትት አንመክርም፤ በሙቀትና በኮረኮንች መንገድ ደግሞ ከዚያም ይቀነስ። አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ ላዩ ላይ የሚቀመጥ ነጂ ፈረሱን በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል።

ሚዛኑ ደግሞ ከመጠኑ እኩል ነው። ጭነቱ ወደ ፊት ካጋደለ ሸክሙ በጀርባው ላይ ያርፋል፤ ወደ ኋላ ካጋደለ ሁለቱ ዘንጎች ወደ ላይ ይነሡና የሆድ ማሰሪያው ብብቱን ይቆርጠዋል። ከጫናችሁ በኋላ ፈረሱን ከማሰራችሁ በፊት ዘንጎቹን በአንድ እጅ አንሡ፤ ትንሽ ከብዷችሁ ከተነሡ ልክ ነው። ጎማውን በአየር ሙሉ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀቡ። የላላ ጎማ ጭነት ሳይጨምር ሥራ ይጨምራል።

መኖ

የቀኑ መኖ በደረቁ ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ይሁን፤ ለ220 ኪሎው ፈረስ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ማለት ነው። አብዛኛው ጭድና ሣር ይሁን፣ በተለይ ሌሊት ፊቱ ባዶ አይደር። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ለጎታች ፈረስ ኃይል አይሆነውም፣ ስለዚህ ፉርሽካና ግማሽ ኪሎ ያህል ፋጉሎ ይጨመርበት። የእህል ጥሬ የሚሰጠው ከሆነ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይለፍ። ከወንጂ በኩል የሚመጣው የሸንኮራ ጫፍ ጥሩ ነው፣ ግን ይከተፍ፣ የሻገተውም ይጣል። የሻገተ በቆሎ በጭራሽ አትስጡ፣ የፈረስን አንጎል የሚያበላሽ መርዝ አለበት።

«ፉርሽካ ብቻ ይበቃዋል» የሚሉ አሉ። ፉርሽካ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም የጎደለው መኖ ነው፤ ለወራት ዋና ቀለብ ከሆነ ፈረሱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይስባል፣ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ያነክሳል። አልፋልፋ የሚገኝ ከሆነ ሁልጊዜ አብሮ ይሰጠው።

የዶሮ መኖ ለፈረስ አይሰጥም። ሞኔንሲን የተባለ የዶሮ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂቱ እንኳ የፈረስን ልብ ይገድላል።

ማታ ፈትቶ ቆሻሻ መጣያ ላይ መልቀቅም ይቅር፤ ፌስታል ይውጣል፣ አንጀቱ ይዘጋል።

ያልጠና ፈረስ፣ ያልለመደ ፈረስ

ገና ጥርሱን ያልለወጠ ውርንጭላ ጋሪ ላይ ማሰር የሚያሳዝን ነው። አፉን ክፈቱና እዩ፤ የመሐሎቹ ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል፣ ከአጠገባቸው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ። ሁለተኛዎቹ ሳይለወጡ ጋሪ አያውቅ፣ የዳሮቹ ሳይለወጡ ሙሉ ጭነት አያውቅ።

ሥልጠናው በደረጃ ይሂድ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕቃውን ብቻ ይልበስ፣ ቆሞ ይልመደው። በሁለተኛው ከኋላው ሆናችሁ በሁለት ረጅም ገመድ መሄድ፣ መቆም፣ መዞር አስተምሩት። በሦስተኛው አሮጌ የመኪና ጎማ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጎትት፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱ ጋ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነው ባዶ ጋሪ የሚመጣው፣ ያም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ጸጥ ሲል። ባጃጅን መጀመሪያ ያለ ጋሪ፣ ከመንገድ ዳር ቆሞ ይየው። እምቢ ሲል ከመምታታችሁ በፊት ድብዳቡን፣ አፉንና ሰኮናውን ፈትሹ፤ የሚያፈገፍግ ፈረስ በአብዛኛው የሚያመው ነገር አለ።

ከአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ አካባቢ ተገዝቶ የሚመጣ ፈረስ ጠንካራ ይመስላል፣ ነውም። ግን ከ2,400 ሜትር ብርድ ወርዶ በሳምንቱ ቀትር ላይ ሙሉ ጭነት ሲጎትት ይወድቃል። ሙቀቱን ለመልመድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይስጡት፤ ጠዋትና ማታ ብቻ፣ በግማሽ ጭነት። የለመደውም ቢሆን ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይቁም።

ሰኮናው ማታ ማታ ይጠረግ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይስተካከል። ሚስማር ከወጋው ሐኪም ሳይዘገይ ይየው፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በዚያ ነው።

ፈረሱ በሙቀት ሲወድቅ

ጥላ ሥር ለ15 ደቂቃ ቆሞ ትንፋሹ ካልበረደ፣ ከተንገዳገደ፣ ይልቁንም ላቡ ቆሞ ቆዳው ደርቆ ከጋለ ነገሩ አስቸኳይ ነው። ለሰው የሚሸጠው ዲጂታል ቴርሞሜትር በፊንጢጣ ይለካል፤ ጤነኛው ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው፣ ከ40 ካለፈ አደጋ ነው። ወዲያው ከጋሪው ፍቱት፣ ጥላ ውስጥ ንፋስ ወዳለበት አቁሙት፣ መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሳታቋርጡ አፍስሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ጡንቻውን ያኮማትረዋል ብላችሁ አትፍሩ። እርጥብ ጆንያ አታልብሱት፣ ሙቀቱን ያፍነዋል። በራሱ ከጠጣ ይጠጣ፤ በጠርሙስ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ግን ሳንባው ይገባል። እየቀዘቀዘ ሐኪም ይጠራ።

ክረምቱ ሲወጣ

ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይመጣል፤ የሚያስተላልፉት ማታ የሚነክሱ ጥቃቅን ትንኞች ናቸው። ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥ፣ ከአፍንጫ አረፋ፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ሞት። የታመመን ፈረስ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ ስለዚህ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ በረት ይግባ። ክትባቱን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርታል። ወቅቱ ከመድረሱ በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ የወረዳውን እንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከተከተበ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከባድ ሥራ ስለማይሠራ ባለቤቱና ነጂው የእነዚያን ቀናት ገቢ አስቀድመው ይስማሙበት፤ ካልተስማሙ ፈረሱ በማግስቱ ጋሪ ላይ ይገኛል።