ሂት ፓምፑ ከቤዝቦርዱ እኩል ኤሌክትሪክ ከበላ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ምን ይታያል?

አንድ ቤት በኢነርጂ ፕላስ (የሕንጻን የኃይል ፍጆታ በሚያሰላ ፕሮግራም) ሁለት ጊዜ ሠራችሁ እንበል፤ አንዴ በኤሌክትሪክ ቤዝቦርድ (ግድግዳ ሥር በሚገጠም ማሞቂያ)፣ አንዴ በሂት ፓምፕ። የአየር ሁኔታ ፋይሉ የሚኒያፖሊስ፣ ክረምቱ እጅግ የሚበርድ የአሜሪካ ከተማ፣ ነው። ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ይሄን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ቤዝቦርድ 1 ኪሎዋት ሰዓት ወስዶ የሚሰጠው ሙቀት ያው 1 ነው። ሂት ፓምፕ ግን ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ ስለሚያስገባ፣ ብርዱ ካልከፋ ወደ 3 እጥፍ ሊሰጥ ይችላል።

ምልክት፦ የጃንዋሪ ፍጆታ እኩል ነው

መጀመሪያ ረዳት ማሞቂያውን፣ ማለትም ሂት ፓምፑ ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ እዩ። አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት መርጣችሁ የየሰዓቱን ውጤት አውጡ። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሆኖ የኮምፕሬሰሩ (ሂት ፓምፑን የሚያሠራው ዋና ክፍል) ዓምድ 0 ካሳየና ረዳቱ ብቻውን ከሠራ፣ ያ ሌሊት ከቤዝቦርድ በምንም አይለይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በተለመደው ባለ አንድ ፍጥነት የማሞቂያ ኮይል ላይ ኮምፕሬሰሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ የውጭ ሙቀት ካላስገባችሁ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ኮምፕሬሰሩን ከዜሮ በታች 8 ላይ ያቆመዋል። አምራቹ የሚሰጠውን ዝቅተኛ ሙቀት አስገቡ፤ ለብርድ አገር ተብለው ከሚሠሩት ከዜሮ በታች 25 ድረስ የሚሄዱ አሉ። ግን ይህን ቁጥር ብቻ ቀይራችሁ የአቅምና የሲኦፒ (ለ1 ኤሌክትሪክ ስንት ሙቀት እንደሚሰጥ) ከርቮቹን፣ ማለትም ከውጭ ሙቀት ጋር የሚለዋወጡበትን ቀመር፣ እንደነበሩ ብትተዉ ውጤቱ አይታመንም። ሲኦፒ ላይ የምትጽፉት ቁጥር ደግሞ ውጭው 8.33 ዲግሪ ሲሆን የተለካው ነው፤ ክረምቱን አስባችሁ በእጃችሁ አትቀንሱት፣ ከርቩ ራሱ ስለሚቀንሰው ሁለት ጊዜ ትቀጡታላችሁ።

ኮምፕሬሰሩ እየሠራም ረዳቱ ካልጠፋ፣ አቅሙ የተወሰነው በበጋው የማቀዝቀዝ ጭነት ሊሆን ይችላል። ለሚኒያፖሊስ ይሄ አይበቃም፤ በማሞቂያው ጭነት ወስኑት። ቴርሞስታቱንም እዩ፤ ሌሊት በጣም ዝቅ ብሎ ጠዋት በአንዴ ከዘለለ ረዳቱ ይነሳል።

ምልክት፦ ማሞቂያው ቀንሶ የዓመቱ ድምር አልቀነሰም

ፋኑ ሌት ተቀን እየዞረ እንዳይሆን፤ ከማሞቂያው ጋር የሚነሳና የሚቆም አድርጉት። ሂት ፓምፑ በጋ ላይ ቤቱን ያቀዘቅዛል፣ ቤዝቦርዱ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ወይ ለቤዝቦርዱ ቤት ኤሲ ጨምሩለት፣ ወይ ማሞቂያና ፋን ብቻ አወዳድሩ።

ምልክት፦ ቤዝቦርዱ ከተጠበቀው በታች ይበላል

ክፍሎቹ የተፈለገው ሙቀት ላይ ያልደረሱባቸውን ሰዓታት ቁጠሩ። ቤቱ እየበረደው ከሆነ ቁጠባ አይባልም፤ የቤዝቦርዱን አቅም አሳድጉ። ሂት ፓምፑ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ ከሆነም፣ ያንኑ ያህል አየር ለቤዝቦርዱ ቤት ስጡ።