አጭር ትራያትሎን ለወሎ ልጅ፦ ሩጫውን ተወው፣ ውሃው ላይ ሥራ

ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም ልጆች ይህ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ትራያትሎን መሞከር እፈልጋለሁ፣ ከምን ልጀምር?» መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ከውሃው።

ርቀቱን ለማያውቅ፦ አጭሩ ውድድር ስፕሪንት ይባላል። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ወደ ኦሎምፒክ የገባው የዚህ እጥፍ ነው። ሦስቱ በተከታታይ ይሄዳሉ፤ በመሀል ጫማ የምታጠልቅበት ጊዜ እንኳን ከሰዓትህ ላይ ይቆጠራል።

ደሴ ላይ የጦሳን ተራራ ዳገት እየወጣ እየወረደ ያደገ ሰው 5 ኪሎ ሜትር አያስፈራውም። የውሃ ዋናው ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቻችን የተማርነው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ጭንቅላታችንን ከውሃ በላይ አድርገን፣ እጅና እግራችንን እያንቦጫረቅን። እንደዛ 50 ሜትር ትሄዳለህ፣ 750 ግን አትጨርስም። ጭንቅላት ቀና ሲል እግር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ከዚያ በኋላ የምትዋኘው ውሃውን እየገፋህ ነው። ስለዚህ ፍሪስታይል ተማር። ፊትህን ንከር፣ ውሃው ውስጥ በአፍና በአፍንጫህ ቀስ እያልክ አረፋ ልቀቅ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞረህ አየር ሳብ። ብዙ ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው አየር ስላልሳበ ሳይሆን የሳበውን ስላላወጣ ነው። የሆቴል ዋና ገንዳ ካገኘህ እዚያ ጀምር። ካጣህ፣ ደረትህ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመህ ትንፋሹን ብቻ ተለማመድ። ሳይቆሙ 1,000 ሜትር መዋኘት እስክትችል ድረስ ስለ ውድድር አታስብ።

ቀጥሎ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም። ግን ሐይቁ እንደ ገንዳ አይደለም፤ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለ፣ ከታች የሚታይ መስመርም የለም። ብቻህን አትግባ፣ ጎበዝ ብትሆንም። አንዱን ዓሣ አስጋሪ አናግረህ ተስማሙና በጀልባው አጠገብህ ይቅዘፍ፣ አንተም ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ቆብ አድርግ። ጠዋት ግባ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አፍህን ይሞላዋል። አቅጣጫ እንዳትስት ዳር ላይ ያለ ትልቅ ነገር ምረጥ፣ ለምሳሌ የእስጢፋኖስ ገዳምን ዛፎች፣ በየስምንት ዐሥር ቀዘፋው ዓይንህን ብቻ ከፍ አድርገህ እያቸው።

ባለፈው ከጓደኞቻችን ጋር እዚያው ተሰባስበን ስንወዳደር ምን ሆነ መሰለህ፣ ፊሽካው ሲነፋ እንደ አጭር ርቀት ሯጭ እየተጋፉ የገቡት ልጆች ገና 100 ሜትር ሳይሞላ ጀልባው ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ደረት ይጨመቃል፣ ልብ ይመታል፣ «ልሞት ነው» ያሰኛል። አብሽር፣ ሁሉም ላይ ይደርሳል። በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ ረጅም ትንፋሽ አውጣ፣ ሲረጋጋልህ ቀጥል። መጀመሪያውኑ ደግሞ ከኋላ ወይም ከዳር ተነሳ።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም። ማውንቴን ባይክም ይሠራል። ጎማውን ጠንከር አድርገህ ንፋ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባ፣ ፍሬኑን ፈትሽ። ትርፍ ከመነዳሪ ያዝ፣ በመንገድ ላይ ጎሚስታ አይጠብቅህም። ለልምምድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የሚያህል አስተማሪ የለም፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ ልዩነቱን በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትወጣው። ውጣው፣ ግን ቁልቁለቱን በመኪና ተመለስ ብዬ እመክራለሁ። ጉም አለ፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ተሳቢው ደግሞ አያይህም። ቀለል ያለ መንገድ ከፈለግህ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ያለው ይሻላል፣ እሱንም በማለዳ። ከባድ ማርሽ እየረገጥክ ጉልበትህን አታቃጥል። ቀላል ማርሽ አስገብተህ ቶሎ ቶሎ ፔዳል ምታ፣ በተለይ የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ።

ሰው የሚንቀው ግን መቀየሪያ ቦታውን ነው፤ ከዋና ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ሩጫ የምትቀይርበትን። እዚያ የሚጠፋውን ደቂቃ በሩጫ ማስመለስ ከባድ ነው። ፎጣህን መሬት ላይ ዘርጋ፣ ሄልሜትህን ገልብጠህ የብስክሌቱ መሪ ላይ አስቀምጥ፣ ጫማውን ከፍተህ አዘጋጅ፣ የጫማውን ክር በላስቲክ ማሰሪያ ቀይረው። እርጥብ እግር ካልሲ ውስጥ አይገባምና ትንሽ ፓውደር ነስንስበት። ከሁሉም በላይ ይህን ሕግ ያዝ፦ ብስክሌቱን ከማንሳትህ በፊት ሄልሜትህ ተቆልፎ መሆን አለበት፣ ስትመለስም ብስክሌቱን ከሰቀልክ በኋላ ነው የምትፈታው። ከመቀየሪያው ውስጥ እየጋለብክ አትወጣም፤ እየገፋህ ሄደህ የተሰመረውን መስመር ካለፍክ በኋላ ነው የምትወጣበት። ስትመለስም ከመስመሩ በፊት ትወርዳለህ። ራቁት ደረት አይፈቀድም፣ የጆሮ ማዳመጫም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ግቢህ ውስጥ ደጋግመህ ተለማመደው፣ ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ሩጫው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ከብስክሌት ስትወርድ እግርህ እንጨት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የሌላ ሰው እግር ተውሰህ የምትሮጥ ነው የሚመስለው። በሳምንት አንድ ቀን ከብስክሌት ወርደህ ወዲያው ጥቂት ብትሮጥ ሰውነትህ ይለምደዋል። በውድድሩ ቀን በዝግታ ጀምር፣ ከዚያ የቀደሙህን መልቀም ትችላለህ።

ምግብ ላይ አትራቀቅ። ከመነሻው ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ዳቦ በማር ወይም በሶ፣ ሙዝ ካለ ሙዝ። ዋዜማውን ክትፎና ጥሬ ሥጋ የሚጋብዝህ ዘመድ ካለ ለነገ በለው። ቡና ከለመድክ ጠጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፣ ቢልሃርዚያ። ሐይቅ አካባቢ አለ። ተሸካሚው ዳር ዳር ያለው ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ሣርና ቄጠማ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ከእሱ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳህ ይገባል። ስለዚህ ሣር ባለበት ዳር ቆመህ አትንቦራጨቅ፣ ቶሎ ወደ ጥልቁ ግባ፣ ስትወጣ ወዲያው በፎጣ አጥብቀህ ተጠረግ። ይህ ግን ሙሉ መከላከያ አይደለም። ከዋኘህ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሐይቅ ውስጥ እንደዋኘህ ንገራቸውና ተመርመር። ከተገኘብህ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑን በክብደትህ ለክተው ይሰጡሃል።