አባታችሁን ስለ ብሔራዊ ውትድርና ስትጠይቁት

አባታችሁ ስድሳ ዓመት አካባቢ ከሆነ፣ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሊሆን ይችላል። አዋጁ የወጣው በ1975 ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። በኤርትራና በትግራይ የነበረው ጦርነት ግን አላለቀም። ብዙዎቻችን ጊዜያችን ቢሞላም «በቃችሁ፣ ሂዱ» የሚለን አጥተን እዚያው ቀረን።

በ1983 ሠራዊቱ ተበተነ። «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ይዘን አገር ቤት ገባን። ሥራ ስንፈልግ ያንን ጊዜ ባናነሳው ይሻለን ነበርና ዝምታውን ለመድነው። ዝም ያለ አባት ግን ረስቷል ማለት አይደለም። በሕይወት እያለ ጠይቁት። እኔ ራሴ የዚያ ጊዜ ወታደር ሆኜ ስለተጠየቅኩ የትኛው ጥያቄ አፍ እንደሚያስከፍት፣ የትኛው እንደሚያዘጋ አውቃለሁ።

«ሰው ገድለሃል?» ብላችሁ በፍጹም አትጀምሩ። እዚያው ላይ ያበቃል። «ምን ትበሉ ነበር?» በሉት። ልጄ እንዲህ ብላ ስትጠይቀኝ ሳላስበው እስኪመሽ አወራሁ። ስለ ኮሾሮ፣ ስለዚያ ደረቅ የወታደር ዳቦ ነበር የጀመርኩት። ኮሾሮ እንዲሁ በጥርስ አይደፈርም። ድንጋይ ላይ አስቀምጠን በሰደፍ እንሰባብረዋለን። ከዚያ ሻይ ውስጥ እንነክረዋለን፤ ሻይ ከሌለ በኮዳ ውኃ። ከመሃሉ እስኪርስ መታገሥ ያስፈልጋል። የተራበ ሰው ደግሞ መታገሥ አይችልም። ሁልጊዜ የሚታገሥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ የራሱን ሲያርስ እኛ ጨርሰን አፍ አፉን እናየዋለን፤ እሱም ቆርሶ ያካፍለናል። አያችሁ፣ ከምግብ ተነስቼ ሰው ላይ ደረስኩ። አባታችሁም እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ እንዴት እንደሄደ ጠይቁት። አንዳንዱ በፈቃዱ ዘምቷል፣ አንዳንዱን ቀበሌው ወይም የገበሬ ማኅበሩ ለኮታ መልምሎታል፣ አንዳንዱ ደግሞ በአፈሳ ነው የተወሰደው። «ያን ቀን እጅህ ላይ ምን ነበር?» በሉት። እኔ የታፈስኩት ነጭ ጋዝ ልገዛ ጠርሙስ ይዤ ስወጣ ነው። ጠርሙሱን ለአንድ የሰፈር ልጅ ሰጥቼ «ለእማዬ አድርስልኝ» አልኩት። እናቴ መታፈሴን ያወቀችው ባዶው ጠርሙስ ሲደርሳት ነው። ይሄን ለዓመታት ለማንም አላወራሁም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

ሥልጠናውን ብዙ አትግፉበት። ታጠቅ፣ ሁርሶ፣ ብላቴ፣ የት እንደሠለጠነ ከነገራችሁ በቂ ነው። ፊሽካው፣ ሰልፉ፣ የሌሊቱ ብርድ የሁላችንም አንድ ነው።

ዓመተ ምሕረት ላይ አታስጨንቁት። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት ይልቅ ሁሉም በሚያውቀው ነገር ለኩት። ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? የኤርትራዋ አፍአበት በሻዕቢያ ስትያዝ፣ መጋቢት 1980፣ የት ነበርክ? የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት በግንቦት 1981 ሲሞከርስ? ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝስ? በዚህ መንገድ የጠፋበት ዓመት ራሱ ይመጣለታል። የኤርትራንና የትግራይን ካርታ በትልቁ አሳትማችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉለት። ስልክ ላይ ያለው አይሆንም፣ ለእኛ ዓይን ያንሳል። ከከረን ወደ ናቅፋ በጣቱ መንገድ ሲከተል ዝም ብላችሁ እዩት።

ፎቶ ካለ አውጡ፤ ጀርባውንም ገልብጡ። በዚያ ዘመን ጀርባው ላይ «ለውድ እናቴ ለማስታወሻ ይሁንሽ» ብሎ ቀንና ቦታ መጻፍ የተለመደ ነበር። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ለብቻቸው ጠይቋቸው። ደብዳቤ ሲጠፋ ማን ጋ እንደሄዱ፣ ምን እንደተሳሉ፣ ማን «ሞቷል» ብሎ እንዳስወራ አባታችሁ አያውቅም። ያ ግማሽ ታሪክ ያለው እሳቸው ጋ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጦር ጓደኛውን ቤት መጥራት ነው። ቡና አፍሉና ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። አባታችሁ ለእናንተ የማይለውን ለእሱ ይለዋል። ስልካችሁን ለመቅዳት ከማብራታችሁ በፊት ግን ሁለቱንም አስፈቅዱ። በስውር አትቅዱ፤ እኛ በዚያ ጊዜ ስንናገር እየፈራን ስለኖርን ስውር ነገር ክፉኛ ያስከፋናል።

ማታ አትጠይቁት። እኔ ማታ ካወራሁ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። መሃል ላይ ዝም ካለ «ከዚያስ?» አትበሉ። ተነስቶ ወደ ደጅ ከወጣም አትከተሉት። ሌላ ቀን በሌላ ጥያቄ ትመለሳላችሁ።

ያልተመለሱትን ስም ሲያነሳ ግን እስክሪብቶ አንሱ። በቅጽል ስም ብቻ አትለፉት፤ እኛ ብዙውን ጊዜ በቅጽል ስም ነበር የምንጠራራው። የአባቱን ስም፣ የመጣበትን አውራጃ፣ በየትኛው የምልመላ ዙር እንደገባ፣ ክፍለ ጦሩን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ጻፉ። መርዶ ያልደረሳቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። አባታችሁ ከፈቀደ፣ ሰውየው ከመጣበት አካባቢ የሚያውቁት ሰው ካለ ያንን ወረቀት ስጡት። ስትሰጡ «ሞቷል» አትበሉ። አባታችሁ በዓይኑ ያየውን፣ ያየበትን ቀንና ቦታ ብቻ ተናገሩ። ቤተሰቡ ራሱ መጥቶ መጠየቅ ከፈለገም አባታችሁ ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።