«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ተብላችሁ አትውጡ፦ ስለ ድህነት ከተመራጭ ጋር ስትነጋገሩ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ቡድን ከምክር ቤት አባል ቢሮ ሲወጣ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ፊታቸው ፈክቷል። «እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «በጣም አሪፍ! ሙሉ በሙሉ ይስማማሉ!» አሉኝ። «በምኑ ተስማሙ?» ስል ጸጥ አሉ። እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንዷ ቀስ ብላ «ድህነት መቀነስ እንዳለበት» አለች።

ድህነት መቀነስ የለበትም የሚል ተመራጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተንም አያጋጥማችሁም። በስንት ልመና በተገኘ ቀጠሮ ገብታችሁ፣ ማንም በማይከራከርበት ነገር ተስማምታችሁ ከወጣችሁ ቀኑ በከንቱ አለፈ።

ሰዎችን ለእንዲህ ዓይነት ስብሰባ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። ከምነግራችሁ ግማሹን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ብቆጣ ቁጣው ለእኔም ጭምር ነው።

ያለ ጥያቄ መግባት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሰዎች ለሳምንታት ይዘጋጃሉ። ጥናት ያነባሉ፣ ወረቀት ያትማሉ፣ ማን ምን እንደሚናገር ይከፋፈላሉ። ከዚያ ይገቡና ስለ ችግሩ ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ ያወራሉ። ተመራጩ ያዳምጣሉ፣ ያዝናሉ፣ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ይላሉ። ሰዓቱ ያልቃል። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም!

«ለድሆች ይቁሙልን» ምኞት ነው። ጥያቄ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፦ «የሕፃናት ድጎማ ረቂቅ ሕጉ ለድምፅ ሲቀርብ ይደግፉታል?» ወይም «የትምህርት ቤት ምገባ በጀት እንዳይቀነስ ለበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ እስከ ወሩ መጨረሻ ደብዳቤ ይጽፉልናል?» መለኪያዬ ቀላል ነው። ከአንድ ወር በኋላ ጉዳዩን ጨርሶ የማያውቅ ሰው «አደረጉት ወይስ አላደረጉትም?» ብሎ ማጣራት ይችላል? ካልቻለ ጥያቄያችሁ ገና አልበሰለም።

ታዲያ ለምን አንጠይቅም? ይሉኝታ ነዋ! ትልቅ ሰው ፊት ተቀምጠን፣ በአክብሮት ተቀብለውን፣ «አዎ ወይስ አይ?» ብሎ ማፋጠጥ ነውር ይመስለናል። ደጅ የምንጠና ይመስለናል። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው የመራጭ ድምፅ መሆኑን እንረሳለን። መራጭ ተመራጩን ሲጠይቅ ደጅ ጠኚ አይባልም።

አንዳንዱ ደግሞ ይጠይቅና ራሱ ያበላሸዋል። እኔ ነኝ ይሄ «አንዳንዱ»። የመጀመሪያ ስብሰባዬ ላይ ከብዙ መርበትበት በኋላ ጥያቄውን አቀረብኩ። ሰውዬው ዝም አሉ። ቢበዛ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ለእኔ ግን ግማሽ ቀን ሆነብኝ። ዝምታውን መቋቋም አቃተኝና «እርግጥ ሥራ እንደሚበዛብዎት እንረዳለን፤ አሁኑኑ ይመልሱልን ማለታችን አይደለም» አልኩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማምለጫ በሩን የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ። ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ዝም በሉ። ውሃ ጠጡ። ማስታወሻ ደብተራችሁን እዩ። ብቻ ቀድማችሁ አትናገሩ።

መልሱም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። «እመለከተዋለሁ።» «ልቤ ከእናንተ ጋር ነው።» «ቢሮዬ ይከታተለዋል።» እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናቸው እነዚህ። ፈገግ ብላችሁ ጠይቁ፦ ማን ይከታተለዋል? መቼ ልደውል? ለመወሰን ከእኛ ምን መረጃ ይፈልጋሉ? «አይ፣ አልደግፈውም» ከተባላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ለእኔ አንድ ግልጽ «አይ» ከአሥር «እመለከተዋለሁ» ይሻለኛል። «ምኑ ቢስተካከል ይደግፉታል?» ብሎ ወሬውን መቀጠል ይቻላላ።

እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ሪዛልትስ የተባለ የዜጎች ውትወታ ድርጅት ለዚህ የሚሆን ልምምድ አለው። ሌዘር ቶክ ይሉታል። መጀመሪያ ሰሚውን የሚይዝ ነገር፣ ቀጥሎ ችግሩ፣ ቀጥሎ መፍትሔው፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄው። አራቱም በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ያልቃሉ። ጀማሪዎች ሁለተኛው ላይ ተተክለው ነው የሚቀሩት።

ሥልጣኑ የሌላቸውን ሰው መጠየቅ

የከተማ ምክር ቤት አባል ፊት ተቀምጦ ስለ ውጭ እርዳታ ሃያ ደቂቃ ያወራ ሰው አይቻለሁ። የተናገረው አልተሳሳተም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሀብታም አገሮች ከጠቅላላ ብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ ግብ አስቀምጧል፤ አብዛኞቹም አልደረሱበትም። ግን ይህን በጀት የሚያጸድቀው ብሔራዊው ፓርላማ ነው። የከተማዋ ተመራጭ ስለ አውቶቡስ ዋጋ፣ ስለ ርካሽ ኪራይ ቤቶች፣ ስለ ሕፃናት ማቆያ ተጠይቀው ቢሆን አንድ ነገር ይሠሩ ነበር። እሳቸው ግን ምን ይበሉ? ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሻይ አዘዙ።

ከመግባታችሁ በፊት የየትኛው ኮሚቴ አባል እንደሆኑና ከዚህ በፊት በጉዳዩ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጡ እዩ። ያለፈውን ድምፃቸውን ጠቅሳችሁ ብታመሰግኑ፣ ወይም በጨዋ ደንብ ብትወቅሱ፣ ወንበራቸው ላይ ቀና ይላሉ። እየተከታተለ ያለ ሰው እንዳለ ይገባቸዋል።

መራጫቸው የሆነ ሰውም ከመካከላችሁ ይኑር። እንግሊዝ ውስጥ የፓርላማ አባላት በልማድ የሚያስተናግዱት የራሳቸውን ምርጫ ክልል ነዋሪ ብቻ ነው። መራጮቻቸውን የሚያገኙበትን ቀጠሮም እንደ ሐኪም «ሰርጀሪ» ይሉታል፤ ስሙ ደስ ይለኛል። ሕመሙን የሚናገር ሰው ይጠበቃል ማለት ነው።

ረዳቷን መናቅ

«ዋናው ሰው የሉም፤ ረዳታቸው ታነጋግራችኋለች» ሲባል ፊቱ የሚጠቁር አለ። አንድ ጊዜማ አብሮኝ የነበረ ሰው ወጣቷን ረዳት እያየ ያወጣውን ፋይል መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እስቲ አስቡት። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 435 አባላት አሉት። እያንዳንዱ በአማካይ ወደ 760,000 ሰው ይወክላል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ ራሱ አግኝቶ፣ ሕጉን ሁሉ ራሱ አንብቦ የሚዘልቀው እንዴት ነው? አይዘልቀውም። ረቂቁን የሚያነበው፣ «ይህን ብንደግፍ ይሻላል» የሚል ማስታወሻ የሚጽፈው ረዳቱ ነው። ያቺ ወጣት ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ አርባ ደቂቃ ጠየቀችን። ከተመራጩ ጋር አርባ ደቂቃ አግኝቼ አላውቅም።

ቁጥር ማዝነብ

ቁጥር የሚወዱ ሰዎችን እወዳለሁ፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። ግን አሥራ አምስት አኃዝ ይዞ የገባ ሰው አሥራ አምስት የሚያዝበት ቦታ ይዞ ነው የገባው። አንድ ባልደረባችን በቅርቡ የከፋ ድህነት መስመር በቀን 2.15 ዶላር ነው ብሎ ጀመረ። ረዳቱ ቀና ብሎ «የዓለም ባንክ 3 ዶላር አላደረገውም እንዴ?» አለው። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ነው የተቀየረው። አዲስ የዋጋ መረጃ ስለመጣ መስመሩ ከፍ አለ። አንድም ሰው በዚያ ቀን አዲስ ሳይደኸይ በከፋ ድህነት የሚቆጠረው ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ጨመረ። አስገራሚ ወሬ ነው። የቀረው ጊዜያችንም በዚህ ወሬ አለቀ።

አንድ ቁጥር ያዙ፤ ግን ታሪክ ያለው ይሁን። «ድህነት ሁልጊዜም የነበረ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ለሚል ሰው እኔ የምነግረው የአሜሪካን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የሚሰጠውን የግብር ድጋፍ ከፍ አደረጉና ግማሹን ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ከፈሉት። በዚያ ዓመት፣ የመንግሥት ድጋፍን በሚያካትተው መለኪያ፣ የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ጭማሪው በዓመቱ መጨረሻ አበቃ፤ ሌሎች የወረርሽኙ ጊዜ ድጋፎችም ቆሙ። በ2022 ቁጥሩ 12.4 በመቶ ሆነ። ያወረደው ውሳኔ ነው፤ መልሶ ያወጣውም ውሳኔ ነው። ይህን ብዬ ዝም እላለሁ።

የማታውቁትን ከተጠየቃችሁ «አላውቅም፤ አጣርቼ እስከ ሐሙስ እልካለሁ» በሉ። ከዚያ እስከ ሐሙስ ላኩ።

ችግሩን የኖረውን ሰው እንደ ማስረጃ ይዞ መሄድ

ይሄኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

አንዲት እናት ነበረች። ሁለት ቦታ እየሠራች የቤት ኪራይ የማይሞላላት። «ታሪክሽን ንገሪልን» ብለን ይዘናት ሄድን። ተናገረች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው እኔ ተቀበልኳትና ስለ ድጎማው አሠራር፣ ስለ ገቢ ጣሪያው፣ ስለ ረቂቁ ማብራራት ጀመርኩ። እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ወጥተን ደረጃ ላይ ስንደርስ «እሱን እኮ እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ድጎማው የተቋረጠብኝ አርባ ብር የማይሞላ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጣሪያውን ስላሳለፈኝ ነው። ንገሪ ብትሉኝ እኔ እነግራቸው ነበር።» ረቂቁ ሊያስተካክለው የሞከረው ነገር ይኸው ነበር! እኛ ማስለቀሷን እንጂ ማወቋን አልፈለግንም።

ከዚያ ወዲህ ችግሩን የኖረው ሰው በዝግጅቱ ከመጀመሪያው ቀን ይኖራል። ረቂቁን አብሮን ያነባል። ጥያቄውን የሚያቀርበውም እሱ ነው። የማይፈልገውን የሕይወቱን ክፍል መናገር የለበትም፤ ፎቶ ካልፈለገም ፎቶ የለም። እኛ ሌሎቻችን አጠገቡ እንቀመጣለን፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብለን።

በአጭሩ የማልፋቸው

ሰባት ሰው ሆናችሁ አትግቡ፤ ሦስት ይበቃል። አርባ ገጽ ሪፖርት አታስረክቡ፤ አንድ ገጽ፣ ጥያቄው ከላይ ተጽፎ። ስለ ፓርቲያቸው አትከራከሩ። የመግቢያ ምስጋናውን አሳጥሩት፤ አንድ ሽማግሌ «ክቡርነትዎ ውድ ጊዜዎን ሰውተው» ብለው ጀምረው ከተሰጠን አሥር ደቂቃ አራቱን ጨረሱት፤ እሳቸውን ማቋረጥ ደግሞ አይቻል።

በጀት ከጸደቀ በኋላ መድረስ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሌላ ምን ልበል? የበጀት ዓመቱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የእንግሊዝ መንግሥት በኤፕሪል ይጀምራል፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በኦክቶበር 1። ገንዘቡ የሚደለደለው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። የእናንተ ምክር ቤት ረቂቁን መቼ እንደሚወያይበት ጠይቁ፤ ቀጠሮውን ከዚያ በፊት ያዙ። «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ያመጣነው ራሳችን ነን፤ ዘግይተን።

ፎቶ ተነስቶ መጥፋት

ፎቶው ይለጠፋል፣ ሁለት መቶ ሰው ይወደዋል፣ አለቀ። የምስጋና ኢሜይል በማግስቱ ይላክ፤ ውስጡም «ደብዳቤውን እስከ 30 እጽፋለሁ ስላሉን እናመሰግናለን» የሚል ይኑርበት። የተባለው ነገር በጽሑፍ ካልሰፈረ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቀኑ ሲደርስ ደውሉ። ካደረጉት በአደባባይ አመስግኑ። አንድ ተመራጭ የጠየቅናቸውን ሕግ ደግፈው ድምፅ ሰጥተው፣ ከተቃዋሚዎቹ መቶ የቁጣ መልእክት ሲደርሳቸው ከእኛ ግን አንድ እንኳ እንዳልደረሳቸው ረዳታቸው ነግሮኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀጠሮ ስንጠይቅ ሁለት ወር ጠበቅን።

በር ላይ ያገኘኋቸው ልጆች ማክሰኞ ተመልሰው ይገባሉ። ረዳቷ አሥር ደቂቃ ሰጥታቸዋለች። ትናንት ማታ ጥያቄያቸውን በስልክ አስደገምኳቸው። አሁንም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይረዝማል።