ከጉልበት ቅየራ በኋላ ሎሚው ሲያስቸግር

ጉልበቱን ያስቀየረ ሰው ሎሚው፣ ማለትም ከጉልበቱ ፊት ያለው ክብ አጥንት፣ ሲያመው መጀመሪያ የሚያማው የተተከለለትን ብረት ነው። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ብረቱ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ትኩሳት ካለ፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ባትዎ ካበጠ ይህን ማንበብ ትተው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ፋርማሲ ጎራ ብሎ አሞክሳሲሊን መዋጥ አይሆንም! ከጉልበቱ ፈሳሽ ሳይቀዳ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ጀርሙን ከምርመራ ይደብቀዋል፤ ወረቀቱ «ምንም የለም» እያለ ጉልበቱ ውስጥ ለውስጥ ይመግላል።

ደረጃ ሲወርዱ፣ ከወንበር ሲነሱ ሎሚው ዙሪያ ማመም

በየሳምንቱ የማየው ይህን ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው የጭን ጡንቻ መክሳት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ይህ ጡንቻ ከግማሽ በላይ አቅሙን ያጣል፤ ሎሚውን በጭኑ ጫፍ ባለው ቦይ ውስጥ የሚጎትተው ደግሞ እሱ ነው። ደረጃ ላይ ሎሚው የሚሸከመው ጫና የሰውነት ክብደትን 3 እጥፍ ያህል ነው፤ ቁጢጥ ሲሉ 7 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

መፈተሻው ቀላል ነው። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበቱን ሳያጥፉ እግሩን ያንሱ። ተረከዙ ሲነሳ ጉልበቱ እጥፍ ካለ ጡንቻው ሰንፏል።

አንዲት እናት በአራተኛ ወራቸው መጡ። ራጅ ሦስት ጊዜ ተነስተዋል፤ ብረቱ ደህና ነው። ጉልበታቸው ግን አልዘረጋ ብሏል። «እማማ፣ ሲተኙ ከጉልበትዎ ሥር ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ትራስ ነዋ! ልጄ እንዲመቸኝ ብላ።» አራት ወር ሙሉ! ውሃ እንኳ ተነስተው እንዲቀዱ አልተፈቀደላቸውም። ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን መውደድ ሌላ፣ ጡንቻዋን ማክሳት ሌላ። ትራሱን አስወጣን፣ ሥራ ጀመርን፤ በሁለት ወር ደረጃውን በራሳቸው ወረዱ።

መፍትሄው፦ ፎጣ ጠቅልለው ከተረከዝ ሥር ያድርጉ፤ ከጉልበት ሥር አይደለም! ጉልበቱን ወደ ፍራሹ ተጭነው ጭንዎን ያጠንክሩ፤ 5 ቆጥረው ይልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሲጠነክር ከረጅም ወንበር እጅ ሳያስደግፉ መነሳት፣ ቀጥሎ አጭር ደረጃ መውጣት። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላቱ ይቆይ።

የፋሲካ ሰሞን ስልኬ አያርፍም፤ ሕማማቱን ሲሰግዱ የከረሙ ናቸው። አንድ አባት «ሐኪሙ አልከለከለኝም» አሉኝ። ማን ጠይቆት! ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ቆመው ወገብዎን አጠፍ ያድርጉ።

ሲዘረጉ ተይዞ «ቋ» ማለት

ከታጠፈበት ሲዘረጋ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ የሚለቅ ከሆነ፣ ከሎሚው በላይ በጅማቱ ሥር የበቀለ ጠባሳ በጭኑ ብረት ጎድጓዳ ውስጥ እየተያዘ ነው። ይህን ስፖርት አይፈታውም። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ይቆርጠዋል፤ አብዛኛው ሰውም ይገላገላል። ሕመም የሌለው ቀጭ ቀጭ ግን የብረትና የፕላስቲክ ወግ ነው፤ ይተዉት።

ሎሚው ወደ ውጭ መንሸራተት

እዚህ ላይ ብረቱ ሊጠረጠር ይገባል። የጭኑ ወይም የቅልጥሙ ክፍል ሲተከል ወደ ውስጥ ዞሮ ከሆነ ሎሚው መንገዱን ይስታል። ከፊትና ከጎን የተነሳ ራጅ ብቻ ይዘው አይምጡ፤ ጉልበቱ ታጥፎ ሎሚው በቦዩ ላይ ሲቀመጥ የሚያሳየውን ያስነሱ። መዞሩን የሚለካው ሲቲ ስካን ነው። ዞሮ ከተገኘ መፍትሄው ድጋሚ ቀዶ ጥገና ነው። በየሱቁ የተሰቀለው የላስቲክ ጉልበት ማሰሪያ የዞረ ብረት አይመልስም፤ ገንዘብዎን አያባክኑ።

በድንገት እግር ቀጥ ብሎ አልነሳ ማለት

ጅማት ተበጥሷል ወይም ሎሚው ተሰብሯል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ሎሚው ሳይወድቁም ሊሰበር ይችላል። ብረቱ ካልላላና እግሩን መዘርጋት ከተቻለ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ለ6 ሳምንት ያህል ታስሮ ይድናል።

ሎሚው ጀርባ የተለጠፈው ፕላስቲክ መላላት

አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ራጅ ላይ ይታያል።

ከጠባሳው በውጭ በኩል መደንዘዝ

ቆዳው ሲቀደድ ትንሿ ነርቭ ትቆረጣለች። የሚያሰጋ አይደለም፤ የደነዘዘው ቦታ በጊዜ ብዛት ይጠባል። «ደሙ አልዞረም» ተብሎ ወጌሻ ዘንድ የተወሰደ ጉልበት አይቻለሁ፤ ታሽቶ አብጦ እንደ ዱባ ሆኖ ነበር። ያሳሹ ካሉ እኔ ዘንድ ከመምጣታችሁ በፊት ያስተከለላችሁን ሐኪም አግኙ፤ ራጁንም ይዛችሁ ኑ።